ሙጫው የቱ ይሁን? አብራሪውስ ከምን ይሠራ? የሞዴል አውሮፕላን ሠሪዎች ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም ከደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የሚያጠነጥኑት በሁለት ነገሮች ላይ ነው፤ በማጣበቂያና ኮክፒት ውስጥ በሚቀመጠው ትንሽ ሰው። ተመሳሳይ ጥያቄዎችን አንድ ላይ አድርገናል፤ የጠያቂዎቹንም ስም ትተናል።

ጥያቄ፦ ክንፉ 1.5 ሜትር የሆነ የመለማመጃ አውሮፕላን ከባልሳ (በጣም ቀላል እንጨት) እና ከኮምፔንሳቶ እየሠራሁ ነው። ነጭ ኮላ፣ ሱፐር ግሉና የአምስት ደቂቃ ኢፖክሲ አለኝ። ሁሉንም በአንዱ ብጨርሰው ምን ይጎድለዋል? ካልሆነስ የቱን የት ላድርግ?

መልስ፦ ባልሳን ከባልሳ ለማጣበቅ ከሆነ ሦስቱም ከእንጨቱ ይበረታሉ። ሁለት ቁራጭ አጣብቀው በማግስቱ ቢሰብሯቸው የሚቀደደው እንጨቱ ነው፤ ሙጫው ባለበት ይቀራል። ከዚህ በላይ «ጠንካራ» ሙጫ መፈለግ ትርፉ ክብደት ነው። ምርጫውን የሚወስኑት ሌሎች ነገሮች ናቸው። መጋጠሚያው ምን ያህል ይገጥማል? የሚያርፍበት ኃይል ምን ዓይነት ነው? ከደረቀ በኋላ በብርጭቆ ወረቀት ይታሻል? እስኪደርቅስ ምን ይዞት ይቆያል?

ለክንፉ አጽም፣ ማለትም የጎድን አጥንቶቹን ከዋናው ዘንግ ጋር ለማያያዝ፣ ኮላ ይበቃል። ከነጩ ይልቅ ቢጫው የአናጺ ኮላ ቢሆን ይመረጣል። ቢጫው ሲደርቅ ስለሚጠጥር ከእንጨቱ ጋር እኩል ይታሻል። ነጩ ግን እንደ ላስቲክ ይለመጣል፤ የብርጭቆ ወረቀቱ ባልሳውን እየበላ ሲወርድ ሙጫው ጉብ ብሎ ይቀራል። ክንፉን በፊልም፣ ማለትም በስስ የፕላስቲክ ሽፋን፣ ሲያለብሱት ያ ጉብታ ከሩቅ ይታያል። መጋጠሚያው በስፒል ወይም በላስቲክ ተይዞ ከ30 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ሳይነካ ይቆይ፤ ሙሉ ጥንካሬውን የሚያገኘው በ24 ሰዓት ነው። መጠኑን በተመለከተ፣ ለአንድ የጎድን አጥንት ስቴኪኒ ጫፍ ላይ የምትንጠለጠል አንዲት ጠብታ ትበቃለች። ሲጫኑት ሙጫው ቀጭን መስመር ሆኖ ብቅ ካለ ልኩ ነው፤ ከፈሰሰ ግን በዝቷል።

ኮላ ሁለት ጠባይ አለው። አንደኛ፣ ውሃ ስላለበት 1.5 ሚሊ ሜትር በሆነ ሉህ ላይ በስፋት ከተቀባ ሉሁን ያጣምመዋል። ሁለተኛ፣ የእንጨቱ ክር ተቆርጦ አፉን በከፈተበት ጫፍ በኩል ወደ ውስጥ ሰርጎ ያልቃል፤ መጋጠሚያው ደርቆ ይቀራል። መፍትሔው ሁለት ጊዜ መቀባት ነው። መጀመሪያ ስስ አድርገው በጣት ያሹት፣ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይታገሡ፣ ከዚያ ደግመው ቀብተው ያጋጥሙ። ይህን የሚዘልል ሰው ብዙ ነው፤ መጋጠሚያው የሚላቀቅበትም ሰው እንዲሁ።

ኢፖክሲን ለሦስት ቦታ ያስቀምጡት፦ ሞተሩ ለሚታሰርበት የኮምፔንሳቶ ግድግዳ፣ የማረፊያ እግሩ ለሚገባበት ሳንቃ፣ ሁለቱ ግማሽ ክንፎች ለሚጋጠሙበት መሀል። ለእነዚህ ግን ያለዎት የአምስት ደቂቃው አይበቃም፤ የ30 ደቂቃውን ያግኙ። በዝግታ የሚደርቀው ወደ እንጨቱ ለመስረግ ጊዜ አለው፣ እርስዎም ክንፉን ለማስተካከል ጊዜ ያገኛሉ። የአምስት ደቂቃው ሙቀትና እርጥበት ይጎዳዋል፤ ለጥገናና ለጥቃቅን ሥራ ይሁን። ሌላው የክብደት ነገር ነው። 1 ሚሊ ሊትር ኢፖክሲ ከ1 ግራም በላይ ይመዝናል፣ ሲደርቅም የሚቀንሰው ነገር የለም። ኮላ ግን ውሃው ተንኖ ከተቀባው ግማሽ ያህሉ ብቻ ይቀራል። አጽሙን በሙሉ በኢፖክሲ የሠራ ሰው አውሮፕላኑ ለምን እንደከበደው ሊገርመው አይገባም።

ሱፐር ግሉ በደንብ ለገጠሙ ጥቃቅን መጋጠሚያዎች፣ ኮላው እስኪደርቅ ለመያዣና ለማጠፊያዎች ነው። ስለ እሱ ቀጥሎ ያለውን ይመልከቱ።

ጥያቄ፦ ጭራውን ከአካሉ ጋር ያጣበቅሁት በሱፐር ግሉ ነበር። አንድ ጠንከር ያለ ማረፍ ሲገጥመው ጭራው ንጹሕ ሆኖ ተላቀቀ፤ እንጨቱ ላይ አንድ ጭረት የለም። ሙጫው አርጅቶ ነው?

መልስ፦ ከመጠገንዎ በፊት የተላቀቀውን ገጽ በብርሃን ይመልከቱት፤ መልሱ እዚያ ላይ ተጽፏል። በአንዱ ወገን ብቻ የሚያብረቀርቅ መስታወት መሳይ ሽፋን ካለ፣ ሙጫው ሌላውን ወገን ሳይነካ ደርቋል ማለት ነው። ነጭና ዱቄት የመሰለ ከሆነ ማፋጠኛው (ሙጫውን ቶሎ ለማድረቅ የሚረጨው ፈሳሽ) በዝቷል። የፊልሙ ቀለም ከሙጫው ጋር ተላጦ ከመጣ ደግሞ የተጣበቀው ከእንጨት ጋር ሳይሆን ከሽፋኑ ጋር ነበር።

ሱፐር ግሉ የሚደርቀው በገጹ ላይ ባለች ጥቂት እርጥበት አማካይነት ነው። ቀጥ ብሎ ሲሳብ ጠንካራ ነው፤ ምትንና ከጠርዝ ጀምሮ መላጥን ግን አይችልም። ጭራ ላይ የሚያርፈው ደግሞ በአብዛኛው እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ቀጭኑ ዓይነት በሰከንዶች ውስጥ ይይዛል፤ ነገር ግን ክፍተት አይሞላም። ብርሃን የሚያሳልፍ መጋጠሚያ ላይ ቢያፈሱት በክሩ ውስጥ ሮጦ ይጠፋል። መካከለኛው ከ10 እስከ 25 ሰከንድ፣ ወፍራሙ እስከ አንድ ደቂቃ ድረስ ለማስተካከል ጊዜ ይሰጣሉ። ማፋጠኛ የሚረጭ ከሆነ በአንዱ ወገን ብቻ፣ ከሩቅ፣ አንዴ ብቻ ይረጭ። በብዛት ሲረጭ ሙጫው ይፈላል፤ ውስጡ በአረፋ ተሞልቶ ይሰበራል። ክፍተትን በቤኪንግ ሶዳና በሱፐር ግሉ መሙላትም ይቻላል፤ ሆኖም ድንጋይ ስለሚሆን ከባልሳ ጋር አብሮ አይታሽም።

ጭራውን እንደገና ሲያጣብቁ የ30 ደቂቃ ኢፖክሲ ይጠቀሙ፤ በሁለቱም ጎን ባለ ሦስት ማዕዘን የባልሳ ዘንግ ጥጉ ላይ ያስገቡ። መጋጠሚያው ሥር ያለውን ፊልም ማንሳት ግዴታ ነው። በከተር ሲቆርጡ ግን ባልሳውን እንዳይነኩት። ከፊልሙ ሥር የቀረች ፀጉር የምታክል ጭረት ጭራው በበረራ ላይ የሚታጠፍባት መስመር ትሆናለች። በጋለ የብየዳ ካውያ ጫፍ ፊልሙን ብቻ ማቅለጥ ከምላጭ ይሻላል። መስመሩን ከጭራውና ከአካሉ መገናኛ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ አድርገው ያስምሩት።

ሱፐር ግሉ በእርግጥ የሚያስመሰግነው በሱፐር ግሉ የሚያዙት ስስ የጨርቅ መሳይ ማጠፊያዎች ላይ ነው። ለእያንዳንዱ ማጠፊያ በተቀደደው ቦታ መሀል 2.4 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ 12 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ያለው ቀዳዳ በሁለቱም እንጨት ላይ ይብሱ። ሙጫው በዚያ ገብቶ ማጠፊያውን በሙሉ ያርሰዋል። በላይና በታች ስድስት ስድስት ጠብታ ቀጭን ሱፐር ግሉ ይጨምሩ። ማፋጠኛ እዚህ አይነካም፤ ላይ ላዩን አድርቆ ውስጡን ያስቀረዋል። ሲጨርሱ ኤሌሮኑን (በማጠፊያ የተያዘውን የክንፍ ጠርዝ) ይዘው ጠበቅ አድርገው ይሳቡት፤ የሚላቀቅ ከሆነ ጠረጴዛ ላይ ይላቀቅ።

ጥያቄ፦ ኢፖክሲው ሁለት ቀን ሆኖት አሁንም ጣት ላይ ይጣበቃል። ማጠንከሪያውን ከፍ አድርጌ ነበር የጨመርሁት፤ ቶሎ እንዲደርቅ ብዬ።

መልስ፦ ምክንያቱ ያው ነው። በኢፖክሲ ውስጥ ማጠንከሪያው የሚቀላቀለው ከሙጫው ጋር ለመገናኘት ነው፣ ለማፋጠን አይደለም። እያንዳንዱ ሞለኪውል ጥንድ ይፈልጋል፤ ጥንድ ያላገኘው ትርፍ ለዘለዓለም ለስላሳ ሆኖ ይኖራል። አንድ ሳምንት ቢጠብቁም ለውጥ የለውም። ይፋቁት፣ በአልኮል ወይም በአሴቶን በተነከረ ጨርቅ ይጥረጉት፣ በብርጭቆ ወረቀት አሽተው እንደገና ያጣብቁ። በላዩ አዲስ ኢፖክሲ መደረብ የታችኛውን አያድነውም።

በዓይን መገመት በትንሽ መጠን ላይ አደገኛ ነው። ከእያንዳንዱ አንድ ጠብታ ሲቀላቀል ስህተቱ በቀላሉ ሃያ በመቶ ይደርሳል፤ ቢያንስ ሁለት ሁለት ሚሊ ሊትር ያድርጉ። ያለ መርፌ ሁለት ሲሪንጅ ይያዙ፣ አንዱን ለሙጫው ሌላውን ለማጠንከሪያው ብቻ፤ ምልክት ያድርጉባቸው፤ አይቀያየሩ። አንድ ለአንድ የተባለው በይዘት (በሚሊ ሊትር) ከሆነ በሚዛን አንድ ለአንድ አያድርጉት፤ የሁለቱ ክብደት እኩል አይደለም። አንድ ደቂቃ ሙሉ ያማስሉ፤ የዕቃውን ጎንና ታች እየፋቁ። ለማፋጠን የሚፈልጉ ከሆነ ሙቀት ነው መንገዱ። የክፍሉ ሙቀት ካለበት በ10 ዲግሪ ሲጨምር ፍጥነቱ በግምት እጥፍ ይሆናል፤ ከ10 ዲግሪ በታች ግን ብዙው ኢፖክሲ ከመድረቅ ያቆማል ማለት ይቻላል።

በነገራችን ላይ፣ ደርቆም ሰም መሳይ ቅባት ላዩ ላይ የሚወጣ አለ። ያ ሌላ ነገር ነው፤ በውሃ ታጥቦ ይጠፋል። ሳይታጠብ ግን ሙጫም ቀለምም አይይዝም። ጓንት ያድርጉ፤ የኢፖክሲ አለርጂ አንዴ ከያዘ አይለቅም።

ጥያቄ፦ የነጭ ፎም ክንፍ በሱፐር ግሉ ሳጣብቅ ጉድጓድ ሆነ።

መልስ፦ የተለመደው ሱፐር ግሉ ያንን ጠጠር ጠጠር የሚል ነጭ ፖሊስታይሪን ያቀልጠዋል። የሚረጭ ቀለም፣ ቲነርና የጫማ ሙጫም እንዲሁ። ለፎም ተብሎ የሚሸጥ ሱፐር ግሉ አለ፤ ኢፖክሲና ኮላም አይጎዱትም። ሁለት ሰፋፊ የፎም ገጾችን በኮላ ግን አያጣብቁ፤ አየር ስለማይገባ መሀሉ ለቀናት እርጥብ ሆኖ ይቀራል። ለዚያ የሚሆነው የፖሊዩሪታን ሙጫ ነው። አንዱን ገጽ በረጠበ ጨርቅ ያርጥቡ፣ በሌላው ላይ ሙጫውን በአሮጌ የባንክ ካርድ ስስ አድርገው ይዘርጉ፣ አራት ሰዓት በክብደት ይጫኑት። አረፋው እስከ ሦስት እጥፍ ያብጣል፤ ካልተጫነ ክንፉን ከቅርጹ ያወጣዋል። የትኛውንም ሙጫ አስቀድመው በቁራጭ ላይ ይሞክሩት።

ጥያቄ፦ የኮክፒቱ ጥርት ያለ ሽፋን ካጣበቅሁት በኋላ በነጭ ጉም ተሸፈነ። ይጸዳል?

መልስ፦ የሱፐር ግሉ ትነት ነው፤ ውስጥ ተዘግቶ ፕላስቲኩ ላይ አርፏል። በውጭ በኩል ከሆነ በጥሩ ማለስለሻ ቅባት ይወጣል፤ ውስጥ ከሆነ ሽፋኑን ከማንሳት በቀር መንገድ የለም። ወደፊት ለካኖፒ (ለዚህ ጥርት ያለ ሽፋን) ተብሎ የሚሸጠውን፣ እንደ ወተት ነጭ ሆኖ ደርቆ ጥርት የሚለውን ሙጫ ይጠቀሙ። ሲደርቅ ትንሽ ይለመጣል፤ ፕላስቲኩና እንጨቱ በፀሐይ ለየብቻ ሲሳቡ አብሮ ይሳባል። ጠርዙን በ320 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ያሻክሩ፤ ከመስመሩ ውጭ በወረቀት ፕላስተር ይከልሉ፤ ሌሊቱን ታስሮ ይደር።

ጥያቄ፦ በ1፡5 መጠን ባለ ሁለት ክንፍ የጥንት አውሮፕላን እየጨረስሁ ነው። ለአብራሪነት 30 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው አሻንጉሊት አለኝ። ይሆናል? ክብደቱ 120 ግራም ነው።

መልስ፦ 30 ሴንቲ ሜትር በ5 ሲባዛ 1.50 ሜትር ነው። ቁመቱ ትንሽ ልጅ አስመስሎ ያሳየዋል። ያ አሻንጉሊት የተሠራው ለ1፡6 ነው፤ በ6 ሲባዛ 1.80 ሜትር ይመጣል።

ለስሌት ቁመቱ 1.75 ሜትር የሆነ ሰው ይያዙ። ተቀምጦ ከመቀመጫው እስከ አናቱ 91 ሴንቲ ሜትር፣ ራሱ ከአገጭ እስከ አናት 23፣ ትከሻው 46 ያህል ነው። በ1፡5 ሲከፋፈል ተቀምጦ 18.2፣ ራስ 4.6፣ ትከሻ 9.2 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። በ1፡4 ራሱ 5.75፣ በ1፡6 3.8፣ በ1፡8 2.9 ነው። ከሁሉም አስቀድመው የራሱን ልክ ያግኙ። ከኮክፒቱ የሚታየው እሱ ነው፤ ዓይን መጠኑን የሚያነጻጽረውም በእሱ ነው። የቆዳ ቆብና መነጽር ሲጨመር ጥቂት ሚሊ ሜትር ይሰፋል፤ ያንን ከራሱ ልክ ላይ እንዳይቀንሱ።

ከወገብ በታች ያለው አካል አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም። የሬዲዮ መቀበያና ሰርቮ (መሪዎቹን የሚያንቀሳቅስ ትንሽ ሞተር) ስላለ የሞዴል ኮክፒት ወለል ከፍ ይላል፤ ሙሉ ሰው ሲያስቀምጡበት ጭንቅላቱ ከመስታወቱ በላይ ይወጣል። ደረት ላይ ቆርጠው ዓይኑ ከፊት መስታወቱ የላይኛው ጠርዝ በታች እንዲሆን አድርገው ያስቀምጡት።

ስለ ክብደቱ አሁን እናስላው። አብራሪው ከክብደት ማዕከሉ 12 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ ተቀመጠ እንበል። ሚዛኑን ለመመለስ እርሳስ የሚጨምሩት አፍንጫው ላይ፣ ከማዕከሉ 24 ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት ነው። 120 ሲባዛ በ12፣ ሲካፈል ለ24፣ 60 ግራም እርሳስ ይሆናል። አብራሪው በድምሩ 180 ግራም አስከፈለዎት ማለት ነው። 30 ግራም ቢሆን ኖሮ እርሳሱ 15፣ ድምሩ 45 ነበር። የጥንቶቹ አውሮፕላኖች አፍንጫቸው አጭር ስለሆነ ይህ ልዩነት ይብስባቸዋል። አሻንጉሊቱን ለልጅ ይስጡት።

ጥያቄ፦ ቀላል የሆነ የአብራሪ ራስ እንዴት ይሠራል? ለሦስት አውሮፕላን ሦስት እፈልጋለሁ።

መልስ፦ አንድ ብቻ ቢሆን ኖሮ ከፎም ይቅረጹት እንል ነበር። 4.6 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ራስ ይዘቱ 30 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ በጠንካራው ፎም ቢሠራ 1 ግራም ገደማ፣ ድፍን ሬዚን ቢሆን ከ30 ግራም በላይ ይመዝናል። ጠጠር የሌለውን፣ ለግድግዳ ሙቀት መከላከያ የሚሸጠውን ባለ ቀለም ፎም ይምረጡ። በ6 ሚሊ ሜትር የእንጨት ዘንግ ላይ ተክለው የጎኑን ቅርጽ መጀመሪያ፣ የፊቱን ቀጥሎ ይቁረጡ፤ በ120 ከዚያም በ240 ብርጭቆ ወረቀት ያሹ። ዓይኑ የሚያርፍበትን ጎድጓዳ በማንኪያ ጀርባ ተጭነው ያውጡት፤ ፎም ከመቅረጽ ይልቅ መጨፍለቅ ይቀናዋል። ላዩን በውሃ በሚበጠበጥ ቀላል ስቱኮ፣ ቀጥሎ ለግማሽ በውሃ በቀጠነ ኮላ ይሸፍኑ።

ሦስት ስለሆኑ ግን ሻጋታ ይሻላል፤ ጄሶና ፈሳሽ ላቴክስ (ፈሳሽ ጎማ) ያስፈልጋል። መጀመሪያ ሻጋታው የሚወሰድበትን ራስ ከፕላስቲሲን ይቅረጹ። ላቴክስ ሲደርቅ ከ5 እስከ 10 በመቶ ይሸማቀቃል፤ ስለዚህ የፕላስቲሲኑን ራስ 4.6 ሳይሆን 4.9 ሴንቲ ሜትር አድርገው ይሥሩት። አንገቱን ረዘም ያድርጉት፤ ላቴክሱ የሚፈስበት በር እሱ ነው። ራሱን አስተኝተው በጆሮው መስመር እስከ ግማሹ በጭቃ ይቅበሩት። ጭቃው ላይ በጣት ሦስት ጎድጓዳ ቦታ ይጫኑ፤ ሁለቱ ግማሾች የሚገጥሙት በእነሱ ነው። ዙሪያውን በካርቶን ይከልሉ፣ 2 ሴንቲ ሜትር ህዳግ ይተዉ።

ጄሶው ለ100 ግራም 70 ግራም ውሃ ነው። ዱቄቱን ወደ ውሃው ይነስንሱ እንጂ ውሃውን ወደ ዱቄቱ አያፍስሱ። አንድ ሁለት ደቂቃ ራሱ እስኪጠጣ ይተዉት፣ ከዚያ አየር እንዳያስገቡ በዝግታ ያማስሉ። በአንድ ጥግ በኩል ያፍስሱት፤ ፊቱ ላይ ቀጥታ ከወረደ አፍንጫውና ከንፈሩ ሥር አረፋ ይቀራል። መጀመሪያ ፊቱን በብሩሽ በጄሶ ቀብቶ ማፍሰስ ከሁሉ ይሻላል። ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ውስጥ ሞቆ ሲቀዘቅዝ ጠንክሯል። ይገልብጡት፣ ጭቃውን ያንሱ፣ የጄሶውን ጠርዝ ሦስት ጊዜ በወፍራም ሳሙና ይቀቡ፣ ሁለተኛውን ግማሽ ያፍስሱ። ሳሙናው ፊቱ ወደሚወጣበት ጎድጓዳ እንዳይገባ። ላቴክሱን ግድግዳው ላይ የሚያስቀረው ጄሶው ውሃውን መምጠጡ ነው፤ ቅባትና ሳሙና የነካው ቦታ አይመጥም፣ እዚያ ላይ ራሱ ሳስቶ ይወጣል። ቫዝሊን ተቀብቶ «ላቴክሱ አልያዝ አለኝ» የሚለው ቅሬታ ከዚህ የመጣ ነው።

ሻጋታው በደንብ ይድረቅ። ጥቂት ቀናት ይፈልጋል፤ በምድጃ ከሆነ ከ50 ዲግሪ አይለፍ፣ አለበለዚያ ጄሶው ይፈረካከሳል። ሁለቱን በላስቲክ አስረው ላቴክሱን እስከ አንገቱ ይሙሉ፤ እያንከባለሉ አረፋውን ያስወጡ፣ ሲጎድል ይጨምሩ። በ15 ወይም 20 ደቂቃ ግድግዳው ከ1 እስከ 1.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ትርፉን ወደ ጠርሙሱ መልሰው አንገቱን ወደ ታች ዘቅዝቀው ያሳድሩት። ከመክፈትዎ በፊት በአንገቱ በኩል ታልክ ዱቄት ይጨምሩና ያንከባልሉት፤ አለዚያ የራሱ ግድግዳ እርስ በእርሱ ተጣብቆ አይላቀቅም። መስኮት ክፍት ይሁን፤ ላቴክስ የአሞኒያ ሽታ አለው። ለቀለሙ ተራ አክሪሊክ ላይ ጥቂት ላቴክስ ይቀላቅሉ፤ ብቻውን ከሆነ ራሱ ሲለመጥ ይሰነጠቃል።

ሻጋታውን ከጄሶ ሳይሆን ከሲሊኮን የምትሠሩ፣ ፕላስቲሲኑ ድኝ ካለበት በፕላቲኒየም የሚጠነክረው ሲሊኮን የነካው ቦታ ሁሉ ሳይደርቅ ይቀራል። በቆርቆሮ የሚጠነክረውን ተጠቀሙ።

ጥያቄ፦ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። የአብራሪውን ፊት በጥንቃቄ ቀባሁት፤ ግን የተደናገጠ አሻንጉሊት መሰለ። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ ዓይኑን ነው ያጠፋሽው፤ ሁሉም ሰው እዚያ ላይ ይሳሳታል። ዓይን ሙሉ ክብ ጥቁር ሆኖ ዙሪያውን ነጭ ከታየ ሰውየው ደንግጧል። የዓይኑ ቀለም ያለበት ክብ የላይኛው ጫፍ በዓይን ቆቡ ሥር መግባት አለበት። ንጹሕ ነጭ አትጠቀሚ፤ በጣም ጥቂት ቡናማ የገባበት ነጭ አድርጊው። የላይኛውን የዓይን ቆብ ጠርዝ በጥቁር ቡናማ ስስ መስመር አስምሪ፣ የታችኛውን ተይው። በ1፡8 እና ከዚያ ባነሰ መጠን ዓይን መሳል ጨርሶ አያስፈልግም፤ ጎድጓዳው ውስጥ ያለ ጥላ ይበቃል።

የዓይኑ ቦታም ይታይ። ዓይን ያለው በራሱ ቁመት መሀል ላይ ነው፤ ጀማሪ ግን ከፍ ያደርገዋል። በሁለቱ ዓይኖች መሀል የአንድ ዓይን ስፋት አለ። ጆሮ ከቅንድብ እስከ አፍንጫ ሥር ይደርሳል።

ቀለሙን በሦስት ሂደት አድርጊው። መጀመሪያ የቆዳውን መሠረታዊ ቀለም በስሱ ሁለት ጊዜ ቀቢ፣ የማያብረቀርቅ ይሁን። ሲደርቅ ከዚያ የጠቆረ ቡናማ በብዙ ውሃ አቅጥነሽ በፊቱ ሁሉ አፍስሺበት፣ ወዲያው በጨርቅ ከፍ ከፍ ያሉትን ቦታዎች ጥረጊ፤ ጥላው በዓይን ዙሪያ፣ በአፍንጫ ክንፍና በከንፈር መሀል ይቀራል። በመጨረሻ መሠረታዊው ላይ ጥቂት ነጭ ጨምረሽ ብሩሹን ወረቀት ላይ እስኪደርቅ ጥረጊውና አፍንጫ፣ ጉንጭና አገጭ ላይ በስሱ አስነኪ። ከንፈርን ቀይ አታድርጊ፤ የቆዳው ቀለም ላይ ጥቂት ቀይ ቡናማ ከገባ በቂ ነው። አገጩና መንጋጋው ዙሪያ ሰማያዊ ግራጫ ውሃ ብታሳልፊ የተላጨ ጢም ይሆናል፤ ይህቺ ነገር ፊቱን ከሁሉ በላይ ሰው ታስመስለዋለች። ደግሞ ራሱን ትንሽ ወደ ጎን አዙሪው። ቀጥ ብሎ የሚያይ አብራሪ ሐውልት ነው።

ጥያቄ፦ አብራሪዬ በበረራ ላይ ተነቅሎ የራደሩን (የጭራውን መሪ) ዘንግ ያዘው። በሙቅ ሙጫ ነበር የተጣበቀው።

መልስ፦ ሙቅ ሙጫ ፀሐይ ላይ በቆመ ካኖፒ ሥር ይለሰልሳል፤ የሞተሩ መንቀጥቀጥ የቀረውን ይሠራል። ቀለም በተቀባ ወለል ላይ ከሆነ ደግሞ ሙጫው የያዘው ቀለሙን ነው። በክፍል ሙቀት የደረቀ ኢፖክሲም በ50ና በ60 ዲግሪ መካከል መለስለስ ስለሚጀምር እሱንም ብቻውን አይመኑት። ከአብራሪው ደረት ሥር 3 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ በፖሊዩሪታን ሙጫ ያስገቡ፤ ከኮክፒቱ ወለል በታች በሁለት ትንንሽ ቪቴ ይሰሩት። ባትሪው በዚያ በኩል የሚወጣ ከሆነ በቪቴው ምትክ ሁለት ጠንካራ ማግኔት ይሁን፤ ግን በቀጭን ክር ከወለሉ ጋር ይታሰር። ቀበቶው ለመልክ ብቻ አይደለም፤ በ1፡5 መጠን 10 ሚሊ ሜትር ጥብጣብ ከትከሻው በላይ አልፎ ከመቀመጫው ጀርባ ከታሰረ ሙጫው ቢለቅም ይይዘዋል።

ጥያቄ፦ ሱፐር ግሉ በወር ውስጥ ጠርሙሱ ውስጥ ይደርቅብኛል። ጣቴም ተጣብቆ ያውቃል።

መልስ፦ ያልተከፈተውንና የማይጠቀሙበትን ማቀዝቀዣ ውስጥ ያስቀምጡ፤ ከምግብ ለይተው፣ በተዘጋ ዕቃ፣ እርጥበት ከሚመጥ ከረጢት ጋር። ሲያወጡት የክፍሉን ሙቀት እስኪያገኝ ሳይከፍቱ ይጠብቁ፤ ቀዝቃዛ ጠርሙስ ሲከፈት እርጥበት ውስጡ ያጤዛል፣ የሚያደርቀውም እሱ ነው። ከተጠቀሙ በኋላ ጠርሙሱን አቁመው አፉን ጠረጴዛ ላይ ቀስ ብለው ይምቱት፣ በቧንቧው ያለው ወደ ታች ይመለስ፤ ከዚያ ጫፉን ጠርገው ይክደኑ። ማፋጠኛውን ከእሱ አጠገብ አያስቀምጡ።

የተጣበቀ ጣት አይጎተትም። ለብ ባለ የሳሙና ውሃ ውስጥ አቆይተው ቀስ ብለው እያንከባለሉ ያላቁት፤ አሴቶንም ይረዳል፣ ከዓይንና ከከንፈር አካባቢ ግን ይራቅ። ዓይን ውስጥ ከገባ በብዙ ውሃ አጥበው ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፤ በግድ አይክፈቱት። የፈሰሰውን በጥጥ ወይም በጥጥ ጨርቅ አይጥረጉ፣ የጥጥ ጓንትም አያድርጉ። ሱፐር ግሉ ጥጥ ውስጥ ሲሰርግ በአንድ ጊዜ ይደርቃል፤ የሚወጣው ሙቀት ቆዳ ያቃጥላል፣ ጭስም ያስነሳል።